ቤት የሳቱ ሽማግሌዎች

ሾርላይን፣ ሲያትል
መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለዘካሪያስ፣

አምላክ ካለህበት ከላይፕዚግ ብርድ ይሰውርህ፤ ጉልበትህን ያበርታልህ፤ ይህን ደብዳቤ ስትከፍትም እንዳትደነግጥ ልብህን ያጽናልህ። እኛ እዚህ ደህና ነን። ባለቤቴ እጅጋየሁ ደህና ናት። ዝናቡም ደህና ነው፤ ቦታውን ለማንም አልለቀቀም።

አሁን ቁጭ በል። ቁጭ አልክ? ይህን ጽሑፍ የጻፈው ማን ይመስልሃል? እጅጋየሁ አይደለችም። ልጄ ኖላዊትም አይደለችም፤ እሷማ ለትምህርት ሄዳ እዚያው አንተ ከተማ ናት። እኔ ነኝ! እኔ ራሴ ሀይለየሱስ፣ የአጎትህ ልጅ፣ አንተ ደብተርህን አንግተህ ትምህርት ቤት ስትሄድ ወፍጮ ቤት ዱቄት ለብሶ የቀረው!

ኦቴሎ ሰፈር ባለ አዳራሽ ሳሌም የምትባል ልጅ ማታ ማታ ፊደል ታስተምራለች። እኔ ቀን መንገደኛ ከፓርኪንግ ወደ ኤርፖርት በሻትል ሳመላልስ እውላለሁ፤ ከዚያ በባቡር ኦቴሎ ወርጄ ተማሪ እሆናለሁ። ዘንድሮ ጨረስኩ። አንደኛ ወጣሁ። ከክፍሉ ተማሪዎች ግማሾቹ የወተት ጥርሳቸው ያልተነቀለ እዚህ የተወለዱ ሕፃናት መሆናቸውን ለማንም አልናገርም፤ አንተም አፍህን ያዝ።

የመጨረሻው የቤት ሥራ እንዲህ ነው፦ ሩቅ ላለ ዘመድ ጽፎ፣ መልሱን ክፍሉ ፊት ማንበብ። ሌሎቹ አዲስ አበባ ጻፉ። እኔ ግን ተነሥቼ፣ «ጀርመን ሁለት ሳለች ገብቶ አንድ ስትሆን በዓይኑ ያየ ወንድም አለኝ» አልኩ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሶ፣ እንዳታሳፍረኝ። ሀገሪቱ አንድ ከሆነች ወዲህ ሕዝቡ እንዴት እንደኖረ፣ ምን እንደተለወጠ ጻፍልኝ። በድምፅ ቀድተህ እንዳትልክ፤ ድምፅ ለመሃይም ነው።

ሌላው ጉዳይ ስለ ኖላዊት ነው። እኔ ጋ በሳምንት አንዴ ኮል ታደርጋለች። «ሃይ ዳዲ፣ አይ አም ፋይን» ትላለች፤ ትዘጋለች። አንተ ጋ ግን እሑድ እሑድ ምሳ ትበላለች አሉ። ምን ትበላለች? ምን ታወራለች? ትስቃለች? ቅናት እንዳይመስልህ። ለጤናዋ ብዬ ነው።

ፊደሌ ሲያምር አየኸው?

የአጎትህ ልጅ
ሀይለየሱስ (በገዛ እጁ)


ላይፕዚግ፣ ጀርመን
መስከረም 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተወደድከው ወንድሜ ለሀይለየሱስ፣

ያሳደጉን እናቶች ምርቃት ካለህበት ይድረስህ፤ ለዚህ ያበቃህ አምላክ ይመስገን። ፊደልህ ያምራል። «በገዛ እጁ» የሚለውን ሳነብ ስቄ ስቄ ከምነዳት የከተማ ባቡር፣ ከትራሜ፣ የሚወርዱት ሰዎች ዞረው አዩኝ።

በጥሩ ቀን ነው የምጽፍልህ። ዛሬ እዚህ በዓል ነው፤ ሁለቱ ጀርመኖች አንድ የሆኑበት ሠላሳ አምስተኛ ዓመት። እኔም ትራም አልነዳም፤ ሻይ አፍልቼ ተቀምጫለሁ።

መንግሥት የሽመና መኪና ጥገና እንድማር ሲልከኝ የመጣሁባት ከተማ የምሥራቆቹ ነበረች። የበርሊን ግንብ ሲፈርስ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች በሥራ ልብሳቸው አደባባይ ወጥተው አለቀሱ፤ እኔም ምን እንደሆነ ሳይገባኝ አብሬያቸው አለቀስኩ። ዓመት ሳይሞላ ሀገሩ አንድ ሆነ። ቀጥሎ ከምዕራብ ከረባት ያሰሩ ሰዎች መጥተው መኪኖቻችንን እየዞሩ አዩ። «አርጅተዋል» አሉ። የፋብሪካው በር ተዘጋ። ሥራ ፈት የሚባል ነገር በወሬ እንጂ በቤታቸው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ሰፈር ሙሉ ባንድ ክረምት ሥራ ፈታ። ወጣቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ ከወጣቱም ልጃገረዶቹ ቀደሙ። ፎቆቹ ሲመሽ መብራት የሚበራባቸው እዚህና እዚያ ብቻ ሆኑ፤ ብዙዎቹ ኋላ ፈረሱ። የእኛን ፊት ማየት ያስጠላቸው ጎረምሶች በመንገድ የሚያሳድዱን ጊዜም ያኔ ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤቷ ደብቃኝ ነው የተረፍኩት።

ከዚያ ላይፕዚግ መጥቼ ትራም መንዳት ተማርኩ። ዛሬ ከተማዋን ብታያት! ባዶ የነበረው ሰፈር ቤት አይገኝበትም። የሄዱት ልጆች ልጆቻቸውን ይዘው እየተመለሱ ነው። ከከተማው በስተደቡብ የድንጋይ ከሰል የሚወጣበት ግዙፍ ጉድጓድ ነበር፤ ውኃ ሞሉት፤ አሁን ሐይቅ ነው። ሰዉ በታንኳ ይሄድበታል። ድሮ ጉድጓዱ ውስጥ የሠሩት ሽማግሎች ባሕር ዳር እንዳለ ሰው ዳርቻው ላይ ተቀምጠው አይስክሬም ይልሳሉ።

ሁሉ ነገር ከምዕራብ ነው የመጣው እንዳይመስልህ። በምሥራቅ እናቶች ልጃቸውን ሕፃናት መዋያ አስገብተው ሥራ መሄዳቸው ድሮም የተለመደ ነው፤ በምዕራብ ያኔ «ምን ዓይነት እናት ናት» ይባል ነበር፤ አሁን እነሱም ተማሩት። የእግረኛ መብራት ላይ ያለው ባርኔጣ ያደረገው ትንሽ ሰውዬም የምሥራቅ ነው፤ ሊያነሡት ሲሉ ሕዝቡ ጮኸለት። ቀይ በርቶ እያለ ቆም ብለህ አይተህ ወደ ቀኝ እንድትታጠፍ የሚፈቅደውም አረንጓዴ ቀስት ከምሥራቅ ነው ወደ ምዕራብ የሄደው።

ግን ሀይሌ፣ እነዚህ ሰዎች ዛሬም ይቀናናሉ። የምሥራቁ፣ «ያንተ ደሞዝ ይበልጣል፤ አለቃዬም ዳኛዬም አንተ ነህ» ይላል። የምዕራቡ፣ «መንገድህን የሠራሁልህ እኔ፤ አመስጋኝ አይደለህም» ይላል። በብስጭቱ ላይ የውጭ ሰው የሚጠላ ፓርቲ ገባበት፤ እዚህ ምሥራቅ ብዙ ድምፅ ያገኛል። እታች ያለው ጎረቤቴ ለነሱ እንደሚመርጥ ራሱ ነግሮኛል፤ ከጓሮው ፕሪም ለቅሞ በሳህን የሚያመጣልኝም እሱ ነው። እንዴት እንደሚሆን አትጠይቀኝ፤ ፕሪሙን እበላለሁ።

ኖላዊት ደህና ናት። ትበላለች፤ ትስቃለች። ባለፈው እሑድ መጋረጃዬን ሰቀለችልኝ። «አባባ ዘኬ» ነው የምትለኝ። አንዳንዴ ፌሊክስ የሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛዋን ይዛ ትመጣለች፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሳህን ያጥባል።

ወንድምህ
ዘካሪያስ


ሾርላይን
ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘካሪያስ፣

ሰላምታዬ የዝናቡን ያህል ይብዛልህ። የላይፕዚግን ትራም የሚጠብቅ መልአክ ካለ ከፊት ወንበር ያስቀምጥልህ።

ደብዳቤህን ክፍሉ ፊት አነበብኩት። አንዴም ሳልደናቀፍ! ጉድጓዱ ሐይቅ ሆነ የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ የፕሪሙ ጋ ስደርስ ከፍ። ሲያልቅ ሁሉም ተነሥተው አጨበጨቡ። እኔም እጅ ልነሣ ጎንበስ ስል ሳሌም፣ «እንዴት ያለ ጸሐፊ ነው! ትምህርቱ የት ነው?» አለች። ጸሐፊው! አንባቢውስ? ሾርላይን ተሳፍሮ ኦቴሎ እስኪወርድ ባቡር ላይ ሲለማመድ ከጎኑ ያለ ሰው ጸሎት መስሎት «ኤሜን» ያለለት አንባቢ የት ሄደ? እኔ ክፍሉን አሰባሰብኩልህ፤ ጭብጨባውን አንተ ላይፕዚግ ሆነህ ወሰድክ። ድሮም እንዲህ ነበርክ።

አሁን አንድ በአንድ ልመልስልህ። ቀይ በርቶ ወደ ቀኝ መታጠፍ እኛ እዚህ ያለ ምንም ቀስት እንታጠፋለን፤ ስለዚህ አታስደንቀኝም። ደግሞ ትራምህ በሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው! መሪ የሌለው ነገር ነድቶ ሹፌር ነኝ የሚል አንተን አየሁ። እኔ በጭጋግ፣ ከኋላ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ከጎን አውሮፕላን አመለጠኝ የሚል ሰውዬ ይዤ ሻትሌን ፓርክ ሳደርግ ብታይ ኮፍያህን ታወልቅ ነበር።

ሰዎቹ ይቀናናሉ ያልከው ግን ገብቶኛል። እጅጋየሁ፣ «አንድ ከሆኑ በኋላ ምን ያቀናናቸዋል?» አለችኝ። ምን ታውቃለች፤ ብቸኛ ልጅ ናት! ሰው የሚቀናው በሩቅ ሰው አይደለም። አንድ ገበታ በቀረበ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «አባባ ዘኬ» ማለት ምን ማለት ነው?

ዘካሪያስ፣ እኔን ዳዲ ነው የምትለኝ። ዳዲ የፈረንጅ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚለው ነው። አባባ የሚለውን ከምትድህበት ጊዜ ጀምሮ ላስተምራት ሞክሬ አልያዘላትም። ላንተ እሑድ ምሳ ላይ እንዴት ያዘላት? መጋረጃ እዚህም አለን። ባንዱ በኩል ወልቆ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው፤ አንድ ቀን ቀና ብላ አላየችውም።

ደግሞ ፌሊክስ ማነው? ሳህን የሚያጥብ ጓደኛ በዚህ ዕድሜዬ አታታልለኝ። ሳህን የሚያጥብ ሰው ጉዳይ አለው።

ቶሎ መልስ። ቀናሁ እንዳትል።

ሀይለየሱስ


ላይፕዚግ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀይለየሱስ፣

የደስታ ወሬ ያዘለ ደብዳቤ እግር ያውጣ፤ ቶሎ ይድረስህ። እልል በል!

እውነትህን ነው፤ ሳህን የሚያጥበው ጉዳይ ነበረው። ኖላዊትና ፌሊክስ ለመጋባት ወስነዋል። ልጅቷ እንደኛ ወግ መጀመሪያ ሽማግሌ ይላካል ብላ ነግራዋለች፤ እሱ ደግሞ ጀርመን ነው፣ ነገር ከሰማ በደንቡ ነው የሚሠራው። ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ያለውን የሀገራችንን ሰው ከማልን ሄዶ ጠየቀው። ከማልም፣ «አባትየው ባሕር ማዶ ከሆነ ቅርብ ያለ ዘመድ እንደ አባት ይቆማል» ብሎ ፈረደ።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ከማል፣ ከኋላው ሁለት ሙሉ ልብስ የለበሱ ሽማግሎች። የፌሊክስ አያቶች ናቸው። የእናቱ አባት ማንፍሬድ የዚሁ የምሥራቅ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ሐይቅ የሆነው ጉድጓድ ውስጥ መኪና ይነዱ ነበር። የአባቱ አባት ዲተር ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ከሽቱትጋርት የመጡ የባንክ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው ከተጋቡ ጀምሮ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ አይግባቡም፤ አንዱ ዳቦው ጥሩ ነው ካለ ሌላው ድሮ ይሻል ነበር ይላል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«አንቀመጥም» አለ ከማል።

«አንቀመጥም!» አሉ ማንፍሬድ በጀርመንኛ፣ ደስ ብሏቸው።

«ለምንድነው የማንቀመጠው?» አሉ ዲተር፤ ዓይናቸው ወንበሬ ላይ ነው፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል።

«ለማኝ ተቀምጦ አይለምንም» አለ ከማል። «ነገራችን እስኪሰማ መቆም ነው።»

ማንፍሬድ ወደ ዲተር ዞረው፣ «ሠላሳ አምስት ዓመት ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር። እስቲ ቁም» አሏቸው።

ከማል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን ለትዳር እንድትሰጡን ልንለምን መጣን» አለ። እኔም ወግ አላጎደልኩም። «እንመካከርና በሁለት ሳምንት ተመለሱ» ብዬ ሸኘኋቸው። ተመለሱ። በስምህ እሺ አልኩ። መረቅኋቸው። ማንፍሬድ ዕንባቸውን ጠረጉ፤ ዲተር በመጨረሻ ተቀመጡ።

እኔ እንደምታውቀው ሚስት ቀብሬያለሁ፤ ልጅ የለኝም። እንዲህ ያለ ቀን በቤቴ ይውላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሠርጉ ለሚያዝያ ታስቧል። እንኳን ደስ አለህ!

ዘካሪያስ


ሾርላይን
ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ዘካሪያስ፣
ላይፕዚግ

እርስዎ እንደምን ሰነበቱ? ቤትዎ፣ ወንበርዎ፣ መጋረጃዎ እንደምን ናቸው? የሚድሩት ልጅ የሰጠዎ አምላክ ደግሞ የሚወልዱት ይስጥዎ።

እስከዛሬ ዝም ያልኩት ፊደሉ ጠፍቶብኝ አይደለም። ጽፌ ጽፌ እጅጋየሁ እየቀማች ስትቀድ ነው። ይህኛውን ሻትሌ ውስጥ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት፤ እዚያ አትደርስብኝም።

ጥያቄ አለኝ፣ ክቡርነትዎ። «እንመካከር» ብለው ሲመልሷቸው ከማን ጋር ነው የተመካከሩት? ሁለት ሳምንት ሰጥተዋል። እኔ ስልክ አለኝ። ዋትስአፕ አለኝ። ማንበብ እንኳ ችያለሁ! ከመጋረጃው ጋር ነው የመከሩት?

እኔ ኖላዊት ከተወለደች ጀምሮ ያንን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት፤ እሷ አታውቅም እንጂ። ሽማግሎች መጥተው ደጄ ላይ ቆመው፣ እኔ እግሬን አጣጥፌ ተቀምጬ፣ «ለምን ጉዳይ መጣችሁ?» ስል። በሕይወቴ ሰው ቆሞ እኔ ተቀምጬ አላውቅም። ወፍጮ ቤት ቆምኩ። እዚህም የሰው ሻንጣ ሳወጣና ሳወርድ ነው የምውለው። አንዲት ቀን፣ አንዲት ወንበር ነበረችኝ፤ እርስዎ ተቀመጡባት።

ልጅ ሳለን አባትዎ ለትምህርት ቤት ሁለታችንንም ሊያስመዘግቡ ነበር። አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው ሲባሉ እርስዎን አስገቡ፤ ልጃቸው ነዎት፤ እኔ ባለተራ እንኳ አልተባልኩም። በዚያ አልተቀየምኩም። ጀርመን ሲላኩ አልተቀየምኩም (ትንሽ ተቀይሜያለሁ)። ለጭብጨባው ተቀይሜ ረሳሁት። ይህን ግን አልረሳውም።

ልጄ ደውላ፣ «ዳዲ፣ ኢት ዋዝ ሶ ስዊት! ኦፓ ዲተር እግሩ እየተንቀጠቀጠ...» እያለች (ኦፓ በነሱ ቋንቋ አያት ነው) ስትስቅ እኔም ሳቅሁ። ሳቅሁ አቶ ዘካሪያስ! ስልኩን ዘግቼ ምን እንዳደረግሁ አልጽፍልዎትም።

የእርስዎን እሺ እኔ አላውቀውም። አባቷ አልተጠየቀም። ሠርጉ ላይ መቀመጫ እንዳይዙልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የሻትል ሹፌር ሀይለየሱስ


ላይፕዚግ
የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ሀይለየሱስ፣

ሰላምታ የማቀርብበት አፍ የለኝም። እንደ ወግ ግን እግዚአብሔር ያክብርህ፣ ቤትህን አይንሣህ።

«ከማን ጋር መከርክ» ላልከው ከማንም ጋር አልመከርኩም። ሁለቱን ሳምንት ያሳለፍኩት ምን እንደምለብስ ሳስብ ነው።

ደብዳቤህን ይዤ የፌሊክስ አያቶች ጋ ሄድኩ። «ቤት ስታችኋል፤ አባቷ አልተጠየቀም፤ ስህተቱ የእኔ ነው» አልኳቸው።

ዲተር፣ «በቪዲዮ ይቅርታ ብንጠይቅስ? ሕግ ፊት ሁለቱም አዋቂዎች ናቸው፤ ችግሩ አልገባኝም» አሉ።

ማንፍሬድ የሻይ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አይገባህም» አሏቸው። «አንድ እንሁን ሲባል እኔ ደግፌ መርጫለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እመርጣለሁ። ግን ከናንተ አንድ ሰው ደጄ መጥቶ ቆሞ ይህ ቤት እንዴት ይሁን ብሎ አልጠየቀኝም። ስትመጡ ቁጭ ብላችሁ ነበር የመጣችሁት። ያ ሰውዬ ያመመው እሱ ነው። ነገሩ ጥሩ ሆነ መጥፎ ሆነ አይደለም። አልተጠየቀም።»

ዲተርም፣ «እኔም ስመጣ ማን ጠየቀኝ፤ ባንኩ ነው የላከኝ» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉ።

ስለዚህ እንመጣለን። በመጋቢት። ከማል ሱቁን የሚጠብቅለት ስለሌለ አይመጣም፤ ሦስተኛ ሽማግሌ ጎድሏል። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ከልጅቷ ወገን ወጥቼ፣ በልጁ ወገን ቆሜ፣ ያንተን ደጅ አንኳኳለሁ። ተቀመጥ ብትለኝም አልቀመጥም። አልሰጥም ብትል አፍህ ነው፤ አልከራከርህም። ኖላዊትም ነግሬያታለሁ። «አይ ዲድንት ኖው ሂ ወንትድ ኢት» ብላ አለቀሰች። ይፈልገው እንደነበረ አላወቅሁም ማለቷ ነው። ማናችንም አላወቅንም። አንተ ሁሉን በቀልድ ነው የምትናገር።

ዘካሪያስ


ሾርላይን
መጋቢት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዘካሪያስ፣ ከላይኛው ፎቅ ወደ ታችኛው ክፍል፣

የተኛህባትን ክፍል አምላክ ያሙቅልህ። ካላሞቀልህ ከበሩ ጎን ያለችውን ቁልፍ ወደ ቀኝ አዙራት።

ገና ጀምበር ሳትጠልቅ ነው የምጽፍልህ። ልጥራህ ብዬ ደረጃው ላይ ደርሼ ተመለስኩ፤ ምን እንደምል ጠፋኝ። በወረቀት ይሻለኛል። ከሆነ ጊዜ ወዲህ ጸሐፊ ነኝ።

ዛሬ ያየሁትን ላንተ መንገር ሞኝነት ነው፤ አብረህ ነበርክ። ግን አንተ ያየኸው ከቆምክበት ነው፤ እኔ ከተቀመጥኩበት ልንገርህ። በሩን እጅጋየሁ ስትከፍት ዝናቡ እየወረደ ሦስታችሁም በረድፍ ቆማችኋል፤ ማንፍሬድ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ዲተር አንድ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ አንተ ከጫፍ፣ ዓይንህን መሬት ተክለህ። ትምህርት ቤት በር ላይ እኔ አንተን ስሸኝህ የቆምኩት እንዲያ ነበር።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ። አልተቀመጣችሁም። እጅጋየሁ ከኋላ ቆንጥጣኝ፣ «የሰውዬው ጉልበት!» አለች። ከናንተ ጋር የመጣችው ኖላዊት ከማድ ቤት ሆና፣ «ዳዲ፣ ሌት ዜም ሲት!» አለች፤ ይቀመጡ ማለቷ ነው። እኔ ግን እግሬን አጣጥፌ፣ ቀስ ብዬ፣ «ለምን ጉዳይ መጣችሁ?» አልኩ። እንዴት አልኩት? ጥሩ አልኩት፤ ሻትል ውስጥ ስለማመደው ከርሜያለሁ፤ አንድ መንገደኛ «ኤርፖርት ነዋ» ብሎኛል።

አንተ ተናገርክ። «ቤት ስተን ነበር፤ አሁን አገኘነው» አልክ። ማንፍሬድ ጀርመንኛቸውን ቀጠሉ፤ አንተ አልተረጎምክልኝም፤ አልቻልክም። አልጠየቅሁህም። ገባኝ።

ያኔ ነው «እንመካከርና ነገ ተመለሱ» ያልኩት። ሁለት ሳምንት ልሰጣችሁ ነበር፤ የአውሮፕላን ትኬታችሁን እጅጋየሁ አሳየችኝ። ሽማግሎቹ እዚህ አጠገብ ሊንውድ ወዳለው ሆቴላቸው ሄዱ፤ ዲተር ወጥተው መኪና ውስጥ ሲቀመጡ የጮኹት የደስታ ጩኸት እዚህ ተሰማ። አንተን እጅጋየሁ አልለቅም አለች። ሽማግሌ የለመነበት ቤት አያድርም ብላት፣ «ወግህን ታቅፈህ አንተ ውጭ እደር» አለችኝ።

ከዚያ ወደ ላይ ወጣሁና ቁጭ አልኩ። እንመካከር ብያለሁ። ቃሌ ነው። ከማን ጋር ልመካከር? እጅጋየሁ በሩ ሳይንኳኳ እሺ ብላለች። ኖላዊት ሙሽራዋ ናት። ሳሌም መምህር እንጂ ዘመድ አይደለችም። ጎረቤቴ ደህና ሰው ነው፤ ስሜን ግን አያውቅም። ወንበሯን ይኸው አገኘኋት፤ ተቀመጥኩባት፤ ግራ ቀኝ ስመለከት የለም ሰው። ወገኔ ያልኩት ሰው ደጅ ቆሞ እየለመነኝ ነበር። ለካ ለብቻ ተቀምጦ የሚለምኑትን መስማት እንደ መቆም ያደክማል።

አሁን ስማኝ። ነገ ከረባትህን እንዳታስር። በኋላ በር ዞረህ ከነሱ ጋር እንዳትቆም። ላይ ና። ከጎኔ አንድ ወንበር አድርጌያለሁ፤ ከእኔ ወንበር ትንሽ ዝቅ ያለ ነው፤ ሌላ ስለሌለ ነው፣ ክፋት የለውም። ሽማግሎቹ ሁለት ሆነው ይቁሙ፤ ዲተር ግን ወዲያው ይቀመጡ ብያለሁ፤ ማንፍሬድን አስፈቅድልኝ። ሁለት ሽማግሌ ያንሳል የሚል ካለ፣ ከማል መጥቶ ይክሰሰኝ።

አባባ የሚለው ላንተ ይሁን። ተለምዷል፤ ልጅቷን አላምታታም። ዳዲ የሚለውን ግን ብትነካ! እሱ የእኔ ነው።

እንግዲህ ተመካከርን እንድንል፣ ይህን አንብበህ ስትጨርስ ጥግ ላይ ያለውን መጥረጊያ አንሣና በእጀታው ኮርኒሱን አንኳኳ። እሺ ከሆነ አንዴ። ሌላ ሐሳብ ካለህ ሁለቴ፤ ወርጄ እሰማሃለሁ። ደብዳቤውን ከበሩ ስር አስገብቼ ወደ ላይ እመለሳለሁ።

ነገ መልሱን የምናገረው ግን እኔ ነኝ።

ሀይለየሱስ